እናቴን ሂርማታ ገበያ ላይ ቴሌብር ላስጀምራት?

የሂርማታ ልጅ፦
ሰላም የጅማ ልጆች። እናቴ ሂርማታ ቅመም ትሸጣለች፤ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ በርበሬ። ብሯን እስከ ዛሬ መቀነቷ ላይ ቋጥራ ነው የምትይዘው። አሁን ግን በተለይ የዩኒቨርሲቲ ልጆች «ማዘር፣ በቴሌብር ልላክልሽ?» ይሏታል። የለኝም ስትል ጎን ካለችው ሻጭ ይገዛሉ። ባለፈው ሐሙስ ብቻ አራት ደንበኛ እንደሄደባት ስትነግረኝ ሆዴን በላኝ። ችግሩ ስልኳ ባለ ቁልፍ ነው፣ ማንበብም አትችልም። በእኔ ስልክ ይግባና ማታ ማታ ላስረክባት ወይስ በራሷ ስም ላውጣላት? «ወለድ የለበትም ወይ?» ብላም ጠይቃኛለች።

ባጃጅ ነጂ፦
በራሷ ስም፣ በራሷ ሲም! ባለ ቁልፍ ስልክ ይበቃል፣ *127# ነው፣ ኢንተርኔት አይፈልግም። ማንበብ ባትችል ቁጥር ታውቃለች አይደል? ስንት ዓመት ሚዛን ላይ ቆማ! ገንዘብ ሲገባ መልእክቱ ከ127 ነው የሚመጣው። ያንን ቁጥርና የገባውን ብር መለየት ከቻለች ጨርሳለች።
አደራ የምልሽ ግን የደንበኛን ስልክ አይታ እንዳታምን ነው። እኔ ከአጂፕ አንዱን ጭኜ ኮቺ አደረስኩት፣ «ልኬልሃለሁ፣ ይኸው» ብሎ ስክሪኑን አሳየኝ፣ እኔም አመስግኜ ሸኘሁት። ማታ ሒሳቤን ሳየው ምንም የለም፣ ለካ ያሳየኝ ለሌላ ሰው የከፈለበትን የቆየ ደረሰኝ ነው። አሁን የራሴ ስልክ ላይ መልእክት ሳይገባ ማንንም አልሸኝም።

ቡና ሰብሳቢ (ማና)፦
እኔ ድሮ በቡና ወቅት ጥሬ ብር በማዳበሪያ ይዤ ነበር ገጠር የምወጣው፣ ሌሊቱን እንቅልፍ የሚባል የለም። ዛሬ ብዙውን በስልክ እከፍላለሁ። ኔትወርክ ወይ መብራት ለሚጠፋበት ቀን ግን ትንሽ ካሽ መያዝ ግድ ነው፣ እናትሽም መልስ የምትሰጥበት ዝርዝር አይጥፋባት።
ሌላ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ድሮ ለአባወራው ስከፍል ሚስትየው አጠገቡ ቁጭ ብላ ብሩ ሲቆጠር ታያለች። ቡናውን የለቀመችውም ያሰጣችውም እሷ ናት። አሁን ገንዘቡ በእሱ ስልክ ይገባል፣ ስንት እንደገባ ምንም አታውቅም። ስለዚህ በአንቺ ስልክ ይግባ የሚለውን ተይው። ልጅ ብትሆኚም የሷ ገንዘብ ከዓይኗ ይርቃል።

ባንክ ሠራተኛ፦
ስለ ወለዱ፦ ብር መቀበልና መላክ ብቻ ከሆነ ወለድ ውስጥ አትገባም። ብድሩና ቁጠባው ለብቻ ናቸው፣ እሷ ካልጠየቀች አይመጡባትም። ባንክ መክፈት ከፈለገችም ወለድ አልባ ሒሳብ አለ።
በዓለም ባንክ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2017 ሒሳብ የነበረው አዋቂ ኢትዮጵያዊ 35 በመቶ ነበር፣ በ2022 ወደ 46 ደርሷል። ጥሩ ነው፤ ግን በስሟ ሒሳብ ተከፍቶ ፒኑን ልጇ ወይ ወኪሉ የሚያውቅላት እናት በየቀኑ መስኮቴ ላይ ትመጣለች። ያቺን ሴት ሒሳብ አላት ብዬ መቁጠር ይከብደኛል። ፒኑን ራሷ ትምረጥ፣ ለማንም አትንገር።

የሂርማታ ልጅ፦
አመሰግናለሁ፣ በጣም! ቅዳሜ አወጣንላት። ስድስቱን ቁጥር ስታስገባ ፊቴን አዞርኩ። «አንቺ ካላወቅሽው ብረሳውስ?» ብላ ተጨነቀች፣ ከዚያ ግን ዛሬ ጠዋት ሳልጠይቃት «አልረሳሁትም» አለችኝ። በአምስት በአምስት ብር እየላክሁላት ከ127 የመጣውንና ከሌላ የመጣውን ስትለይ አመሸን። ሐሙስ ገበያ ስልኩን ሚዛኑ አጠገብ አስቀምጣ ሦስት ሰው ከፈላት።
አንድ ነገር ቀረ። የገበያው ዕቁብ ዳኛ በእጅ ብቻ ነው የሚቀበሉት፣ ስለዚህ የገባላትን እንደገና ከወኪል ልታወጣ ነው፣ ያውም እየተቆረጠባት። ዕቁባችሁን ወደ ስልክ ያዞራችሁ ካላችሁ ዳኛውን እንዴት አሳመናችኋቸው?