ትሬቲኖይን በሴል ላይ ስፈትሽ ውጤቴ ለምን ይዋዥቃል?

የጦሳ ሥር ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ነው ያለሁት፣ የማስተርስ ጥናቴን እየሠራሁ ነው። ትሬቲኖይንና አዳፓሊን የሰው ቆዳ ሴል ላይ ምን ያህል ጉዳት እንደሚያደርሱ እየፈተሽኩ ነው። ሁለቱም የቫይታሚን ኤ ዘመዶች ናቸው። ሰፈራችን ለማድያት ብለው ትሬቲኖይን ያለበት ቅባት የሚቀቡ ሴቶች ብዙ ናቸው። ጎረቤቴ እርጉዝ ሆና ስትቀባ አይቻለሁ። ርዕሱን የመረጥኩት በእሷ ምክንያት ነው።

ሴሎቹን ባለ 96 ጉድጓድ ፕሌት ላይ እዘራለሁ፤ መድኃኒቱ ውስጥ 48 ሰዓት አቆይቼ ኤምቲቲ እጨምራለሁ። ቢጫው ነገር ሕያው ሴል ውስጥ ሲገባ ወደ ወይን ጠጅ ይቀየራል፣ በ570 ናኖሜትር አነበዋለሁ። ትሬቲኖይን በ10 ማይክሮሞላር መጀመሪያ 60 በመቶ ሕያው ሴል ሰጠኝ። ሁለተኛው 90። ሦስተኛው 75። አዳፓሊን ግን ሦስቱንም ጊዜ ያው ነው። መብራት እየጠፋ ሴሎቹን የሚያሞቀው ኢንኩቤተር ቀዝቅዞብኝ ይሆን? ሁለት ወር ደክሜበታለሁ፣ እባካችሁ።

ወንድምሽ ከኮምቦልቻ፦
አብሽሪ እህቴ። የመብራቱ ጉዳይ ቢሆን ኖሮ አዳፓሊኑም አብሮ ይዋዥቅ ነበር። አንድ ፕሌት ላይ ናቸው አይደል? እኔ የምጠረጥረው ብርሃንን ነው። ትሬቲኖይን ብርሃን ሲያገኘው ቅርፁ ይዞራል፣ ይፈርሳል። አዳፓሊን ብርሃን ይችላል። መድኃኒቱን የምታዘጋጂው ስንት ሰዓት ላይ ነው? መስኮቱስ ወዴት ያያል?

የጦሳ ሥር ልጅ፦
መስኮቱ ወደ ምሥራቅ ነው። የመጀመሪያውን ማታ 1 ሰዓት ላይ ነው የሠራሁት። ሁለተኛውን ጠዋት 3 ሰዓት፣ ፀሐዩ ጠረጴዛው ላይ ወርዶ። ሦስተኛውም ጠዋት ነው፣ ግን ጭጋግ ነበር። የደሴን የነሐሴ ጭጋግ ታውቁታላችሁ። ኧረ በስመ አብ!

ወንድምሽ ከኮምቦልቻ፦
በቃ ተገኘ! ፀሐዩ በበረታ ቁጥር መድኃኒቱ አለቀብሽ፣ ሴሎቹም ተረፉ። መጋረጃ ዝጊ፣ ቢጫ መብራት ካገኘሽ በእሱ ሥሪ። ቱቦውንም ፕሌቱንም በፎይል ጠቅልይ። ድብልቁን በየጊዜው ትኩስ አዘጋጂ።

ለሴሎቹ ምግብ የምትጨምሪውን ሲረም (የደም ፈሳሽ) መጠንም አትቀያይሪ። በውስጡ ያለው ፕሮቲን፣ አልቡሚን፣ ትሬቲኖይንን ይይዘዋል፤ ሲረም ሲበዛ ለሴሉ የሚደርሰው ያንሳል። መድኃኒቱን የምታሟሚበት ዲኤምኤስኦም መድኃኒት የሌለበት ኮንትሮል ላይ እኩል ይግባ፣ ከ0.1 በመቶ ባይበልጥ ጥሩ ነው።

ደግሞ ኤምቲቲ ወረደ ማለት ሴሉ ሞተ ማለት አይደለም። ይህ የቫይታሚን ኤ ቤተሰብ የሴልን መባዛት ሊያቆም ይችላል፤ ቁጥሩ ያኔም ይወርዳል። ጥቂቱን በትራይፓን ብሉ ቀለም ቁጠሪ። ሰማያዊ የሚሆነው የሞተው ነው።

የሐይቁ ፋርማሲስት፦
ልጄ፣ ወንድምሽ በደንብ መልሶልሻል። እኔ ስለ ጎረቤትሽ ልናገር። ኤምቲቲ የእሷን ጥያቄ አይመልስም። የቆዳ ሴል ሳይሞት ፅንስ ሊጎዳ ይችላል። ሬቲኖይክ አሲድ፣ ትሬቲኖይን ማለት ነው፣ ፅንስ ውስጥ የቱ ጂን መቼ እንደሚሠራ የሚያዝ ነገር ነው። ትእዛዙ ያለጊዜው ወይም በዝቶ ሲመጣ ፊት፣ ልብና አንጎል ይዛባሉ። የእሱ ዘመድ የሆነው የብጉር ክኒን አይሶትሬቲኖይን አሜሪካ ገበያ የገባው በ1982 እ.ኤ.አ. ነው፤ ብዙም ሳይቆይ ጉዳት ያለባቸው ሕፃናት ተወለዱ። ቅባቱ ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ነው፣ ቢሆንም እርጉዝ ሴት እንዳትቀባው ይመከራል። ዛሬውኑ ንገሪያት፣ ጥናትሽ እስኪያልቅ አትጠብቂ።

በጥናትሽም ላይ «ለሴል አይመርዝም» እንጂ «ለእርጉዝ አያሰጋም» እንዳትይ። ለዚያ የፅንስ ግንድ ሴል ምርመራ የሚባል ሌላ መንገድ አለ።

አደራ፣ ሰው ደንግጦ ቫይታሚን ኤን እንዳይሸሽ። እኛ አገር ዳፍንት የያዘው ልጅ ሲመሽ እየተደናበረ ሲሄድ አይቻለሁ። ከ1 እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ በየስድስት ወሩ የሚወስደው 200,000 ዩኒት ይጠቅመዋል። እርጉዝ ግን ያንን እንክብል አትውጥ።

የጦሳ ሥር ልጅ፦
ጋሼ፣ አላህ ይስጥልኝ። ሄጄ ነግሬያት መጣሁ፣ የቅባቱን ቱቦ አብረን ጣልነው። ቅዳሜ መስኮቱን በጥቁር ጨርቅ ሸፍኜ እንደገና እጀምራለሁ። ውጤቱን እዚሁ እጽፋለሁ።