ልጄ ተከላካይ ሆነብኝ ላልሽው እህቴ

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን አንዲት እህታችን «ልጄን የበረዶ ሆኪ አስገባሁት፣ አሰልጣኙ ተከላካይ አደረገው፣ አንድ ጎል አላገባም፣ ብሩም ሜዳ ላይ ቀረ» ብላ ነበር። ስለ ወጪው ብዙዎቻችሁ መልሳችሁላታል። እኔ ስለ ቦታው ልንገራት፤ የእኔም ልጅ ተከላካይ ነው።

መጀመሪያ ላይ እኔንም ቅር ብሎኝ ነበር። እኛ ሰፈር ኳስ ሲጀመር ሁሉም «እኔ አጥቂ!» ነው የሚለው። ኋላ የሚቆመው ዘግይቶ የመጣው ወይም ወፈር ያለው ልጅ ነበር። እዚህ ኦታዋ ግን በረዶ ላይ የማየው ሌላ ሆነብኝ። ሐሳቤን ጨርሶ ያስለወጠኝ ደግሞ የታዋቂው የሆኪ ተከላካይ የላሪ ሮቢንሰን ታሪክ ነው።

ሮቢንሰን ያደገው ከኦታዋ ወጣ ብላ ባለችው ማርቭልቪል፣ የወተት ላም በሚያረባ ቤተሰብ ውስጥ ነው። በፈረንጆች 1971 ክለቦች ወጣት ተጫዋቾችን በየተራ ሲመርጡ፣ ሞንትሪያል ካናዲየንስ የሚባለው ክለብ የመረጠው 20ኛ አድርጎ ነበር። ያን ቀን 1ኛ የተመረጠውም ለዚሁ ክለብ ነው፤ አጥቂው ጊ ላፍለር። ስለዚህ ወሬው ሁሉ ስለ ላፍለር ሆነ። ሮቢንሰን ወደ ሃሊፋክስ፣ ወደ ክለቡ ሁለተኛ ቡድን ተላከ። ትልቁ ቡድን የገባው በ1973 መጀመሪያ ላይ ነው፤ በዚያው ዓመት የሰሜን አሜሪካን የሆኪ ሊግ ትልቅ ዋንጫ፣ ስታንሊ ካፕን በላ። በተጫዋችነቱ 6 ጊዜ ዋንጫውን አንስቷል። በ20 የውድድር ዘመኑ ደግሞ ቡድኑ ከጥሎ ማለፉ የቀረበት ዓመት የለም።

እህቴ፣ አሁን ልብ ብለሽ ስሚኝ። በሆኪ አንድ ቁጥር አለ፤ ፕላስ ማይነስ ይሉታል። ሁለቱም ቡድኖች እኩል ሰው ይዘው ሲጫወቱ ልጅሽ በረዶው ላይ እያለ ቡድኑ ካገባ አንድ ይደመርለታል፤ ከገባበት አንድ ይቀነስበታል። ጎሉን ማን አገባ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሮቢንሰን በ1976-77 የውድድር ዘመን ሲደማመር 120 አተረፈ። ያን ዓመት ሞንትሪያል ከ80 ጨዋታ የተሸነፈው በ8ቱ ብቻ ነው። የምርጥ ተከላካይ ሽልማት የሆነውን የኖሪስ ዋንጫም በ1977 እና በ1980 ወስዷል። እኔ አሁን ልጄ ሲጫወት ጎል መቁጠር ትቻለሁ፤ እሱ በረዶው ላይ ሲሆን የሚሆነውን ነው የማየው። ጨዋታው በአንዴ ተገለጠልኝ።

ተከላካይ ከኋላ ስለሚቆም ሜዳው ሁሉ ፊቱ ነው። ማን እንደደከመ፣ ማን ቦታውን እንደለቀቀ ቀድሞ ያያል። ሮቢንሰን መጫወት ሲያቆም ወደ አሰልጣኝነት መሄዱ ለዚህ ይመስለኛል። በኒው ጀርዚ ዴቭልስ ክለብ፣ በሞንትሪያል አብሮት የተጫወተው የዣክ ለሜር ምክትል ሆኖ በ1995 ዋንጫ አገኘ። ከዚያ ሎስ አንጀለስ ኪንግስን ለአራት ዓመት በዋና አሰልጣኝነት ያዘ፤ ጥሎ ማለፍ የገቡት አንዴ ብቻ ነው፣ ተሰናበተ።

በ2000 እንደገና ኒው ጀርዚ በምክትልነት እያለ፣ መደበኛው ውድድር ሊያልቅ 8 ጨዋታ ሲቀረው ዋናው አሰልጣኝ ተባረረና ቡድኑን ያዝ ተባለ። በጥሎ ማለፉ፣ አራት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ በሚያልፍበት ግጥሚያ፣ ፊላደልፊያ ሦስት ጨዋታ ሲያሸንፍ እነሱ አንድ ብቻ አሸነፉ። አንድ ጨዋታ ከተሸነፉ አበቃ። ያ እርጋታው የሚወራለት ሰው መልበሻ ክፍል ገብቶ ጮኸ፣ የቆሻሻ መጣያውን በእርግጫ አለው። ቀጣዮቹን ሦስት ጨዋታ አሸነፉ፤ በፍጻሜው ዳላስንም ረትተው ዋንጫውን በሉ። በ2002 ያው ክለብ አባረረው። እንዲህ ነው እንግዲህ የአሰልጣኝ እንጀራ።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የ2005ቱ ነው። ክለቡ እንደገና ዋና አሰልጣኝ አደረገው፤ ታኅሣሥ ላይ ጭንቀቱና ራስ ምታቱ በዛብኝ ብሎ በራሱ ፈቃድ ለቀቀ። እኛ አበሾች ይህን አፍ አውጥተን አንልም፤ እስክንወድቅ ችለን እንሠራለን። ሰውየው ከሆኪ አልራቀም። በኋላም በምክትልነትና በአማካሪነት ሠርቶ በ2019 የሴንት ሉዊስ ክለብ ዋንጫ ሲወስድ በአማካሪነት አብሮ ነበር።

መልስ፣ ከጠያቂዋ፦ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እኔን ያስፈራኝ ግን ግጭቱ ነው። ልጄ 10 ዓመቱ ነው፤ ቀጭን ነው። ወጪውም ሌሎቹ እንዳሉት ቀላል አይደለም።

መልስ፦ አይዞሽ። በዚህ ዕድሜ ሆን ብሎ በሰውነት መግጨት ክልክል ነው። ሆኪ ካናዳ በ2013 ለ11 እና ለ12 ዓመት ልጆችም ከልክሎታል። መውደቅ ግን አይቀርም፤ የራስ ቁሩ በልኩ መሆኑን እዪ። ለምዝገባው ጃምፕስታርትና ኪድስፖርት የሚባሉ ድርጅቶች ገቢያቸው አነስ ያለ ቤተሰቦችን ያግዛሉ፤ ሳታፍሪ አመልክቺ። የበረዶ መንሸራተቻ ጫማውን አዲስ አትግዢ፣ በዓመቱ ይጠበዋል። የእኔ ልጅ የጠበበው አለ፤ ቁጥሩን ንገሪኝ። ቅዳሜ ጠዋት 6 ሰዓት ተኩል ልምምድ አለን፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ማለቴ ነው። ከመጣሽ ሻይ በፔርሙዝ ያዢ፣ ጋቢም አትርሺ። አዳራሹ ውስጥ ከውጭው ይብሳል።