የጂአርኢ የቃላት ዝርዝር ለአይኤልትስ ይጠቅማል?

ፋርማሲስቱ፦
ሰላም ወገኖች። ሐዋሳ የምሠራ ፋርማሲስት ነኝ። ለማስተርስ ብዬ አካዳሚክ አይኤልትስ (የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና) ተፈትኜ ሪዲንግ 7፣ ራይቲንግ 6 መጣልኝ። የማመለክትበት ዩኒቨርሲቲ በየክፍሉ ከ6.5 በታች አይቀበልም። ጓደኛዬ ጂአርኢ ለሚባለው የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና የሚሆኑ ቃላት የታጨቁበት ፒዲኤፍ በቴሌግራም ላከልኝ። አዳር ተረኛ ስሆን እሸመድዳለሁ። «ኦብፈስኬት»፣ «ፔሉሲድ»፣ «ሎኳሸስ»... ጠዋት ግማሹ የለም። የቀረውንም የት እንደማስገባው ግራ ገብቶኛል። ልቀጥል ወይስ ልተወው?

የራይቲንግ አስተማሪ፦
ተወው ወንድሜ። ራይቲንግ በአራት መስፈርት ነው የሚታረመው፤ ቃላት አንዱ ነው፣ 25 በመቶ። እሱም ቢሆን ቃሉ ከበደ ተብሎ ነጥብ አይሰጥም፤ ቦታው ላይ መቀመጥ አለበት። ስለ መድኃኒት ዋጋ እየጻፍክ «ሎኳሸስ» (ለፍላፊ) ድንገት ብቅ ካለ አራሚው መሸምደድህን ወዲያው ያውቅብሃል። እኔ ለተማሪዎቼ የምሰጠው አካዳሚክ ወርድ ሊስት የሚባለውን ነው። አቬሪል ኮክስሄድ የምትባል የኒውዚላንድ ተመራማሪ በ2000 ያወጣችው ነው። 570 የቃላት ቤተሰብ አለው፤ «አናላይዝ» ሲባል «አናሊሲስ»ም «አናሊቲካል»ም አብረው ይቆጠራሉ። ከአካዳሚክ ጽሑፍ 10 በመቶ ያህሉን ይሸፍናል። ሪዲንግ 7 ያመጣ ሰው አብዛኛውን ሲያየው ያውቀዋል። ያንተ ጣጣ ስትጽፍ አለመምጣቱ ነው። ስለዚህ ቃሉን ከነጓደኛው ያዝ፦ «ኮንዳክት ሪሰርች»፣ «ሲግኒፊካንት ኢንክሪስ»። ስፔሊንግም ነጥብ ያስቀንሳል፣ ብዙ ሰው ይንቀዋል።

ጂአርኢ የተፈተንኩ፦
ዝርዝሩን እንዲህ አታጣጥሉት እንጂ! ጂአርኢ ላይ ከስድስት አማራጭ ሁለት ተመሳሳይ ስሜት የሚሰጡ ቃላት ምረጥ የሚል ጥያቄ አለ። እዚያ ቃሉን ካላወቅክ አለቀልህ። እኔን ሽምደዳ ነው ያወጣኝ። ግን አንኪ በሚባለው የጥናት ካርድ አፕ ላይ ጫነው። የረሳኸውን ቶሎ ቶሎ፣ የያዝከውን አራርቆ ያመጣልሃል። ለአንድሮይድ ነፃ ነው፣ አይፎን ላይ ያስከፍላል።

ፋርማሲስቱ፦
ጂአርኢ አይጠይቁኝም፣ የማመለክተው ኔዘርላንድስ ነው። አንኪን ግን ወደድኩት። ካርዱ ላይ የአማርኛ ፍቺውን ልጻፍ?

የራይቲንግ አስተማሪ፦
ፍቺ ብቻውን አይበቃህም። ከሙያህ ጽሑፎች፣ ለምሳሌ ስለ አንቲባዮቲክ ከምታነበው፣ ዓረፍተ ነገሩን እንዳለ ገልብጥና ቃሉን ባዶ ተወው። ያንን ስትሞላ ነው እጅህ የሚለምደው። ከዚያ የራይቲንጉን ሁለተኛ ጥያቄ፣ ታስክ 2ን (ድርሰቱን) ጻፍበት፤ ነጥቡ የታስክ 1 እጥፍ ነው። ስትጨርስ በውስጥ መስመር ላክልኝ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አርምልሃለሁ።