የድሮ ሃይሉክስ፦ የቀኙ የፊት መብራት ፈዟል፣ ፊውዝ ስቀይር ደግሞ ወዲያው ይቃጠላል

ባለሽንኩርቱ

ሰላም ወገኖች። መኪናዬ ሃይሉክስ ኤልኤን 106 ናት፣ በፈረንጆቹ የ1994 ሥሪት፣ 2.8 ናፍጣ። ከሸዋሮቢት ወደ ደብረ ብርሃን ሽንኩርትና ማሾ እጭንባታለሁ። ለማለዳ ገበያ ለመድረስ የምነሳው ሌሊት ነው። ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ በአንድ መብራት መንዳት ምን እንደሆነ የሄደበት ያውቀዋል። ከፊት የሚመጣው አይሱዙ ሞተር ሳይክል እመስለውና መሀል መንገዱን ይዞ ይመጣል። ቤተሰብ አለኝ፣ እፈራለሁ።

ችግሩ እንዲህ ነው። አጭር መብራት ሳበራ ግራው ደህና ይበራል። ቀኙ ግን ሊጠፋ እንደደረሰ ፍም ቀላ ብሎ ይፈዝዛል። ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ሰማያዊ የረጅም መብራት ምልክትም ረጅም ሳላደርግ ፈዘዝ ብላ ትታያለች። ረጅም ሳደርገውም ቀኙ ያው ነው። አምፖል ቀየርኩ፣ ለውጥ የለም።

አንድ ኤሌትሪሺያን አየና «ማሳ አጥቷል» አለኝ፣ ኮረንቲው በቦዲው በኩል ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለስበትን ማለቱ ነው። ከሶኬቱ አዲስ ሽቦ ጎትቶ ቦዲው ላይ በብሎን አሰረው። ቀኙ ትንሽ ደመቅ አለ፤ እንደ ግራው ግን አልሆነም። ኋላ ፊውዞቹን ሳይ የቀኙ ተቃጥሎ አገኘሁት። አዲስ ስከት መብራቱን እንዳበራሁ ጧ ይላል። አንዱ «30 አምፔር ክተትበት፣ ያኔ አይቃጠልም» አለኝ። ሌላው ሽቦው በሙሉ ይቀየር ይላል።

ግራ ያጋባኝ ነገር ደግሞ አለ። አጭር መብራት አብርቼ፣ የቀኙን ሶኬት ነቅዬ በቴስተር ስነካው ከሦስቱ ቀዳዳ አንዱ ላይ ይበራል። ኮረንቲ አለ ማለት ነው። ታዲያ አምፖሉ ለምን አይበራም? ቴስተርና መልቲሜትር አለኝ። ራሴ ልከታተለው እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር?

የሶማሌ ተራ ልጅ

ወንድሜ፣ 30 እንዳትከት! ፊውዙ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ትልቅ ፊውዝ ስትከት ከፊውዙ በፊት ሽቦው ይቀልጣል፣ እሳቱም ኮፈኑ ሥር ነው የሚነሳው። ለመብራቱ ግን ሪሌውን፣ ማለትም ለመብራቱ ኮረንቲ የሚለቀውን ማብሪያ ሳጥን፣ ቀይረህ ሞክረው። እዚህ መርካቶ ያገለገለውም በሽ ነው።

መብራት ሠሪው

በ30ው ጉዳይ ከላይ በተባለው እስማማለሁ። ሪሌው ግን ደህና ነው። ለሁለቱም መብራት ያለው ሪሌ አንድ ነው። ግራው ከበራ ሪሌው ሥራውን እየሠራ ነው፣ ገንዘብህን አታውጣ።

ሁሉንም የነገረችኝ ሰማያዊዋ መብራት ናት። የዚህ ዘመን ሃይሉክስ አሠራሩ ለየት ይላል። አምፖሉ ውስጥ ግለው የሚያበሩ ሁለት ክሮች አሉ፣ አንዱ ለአጭር አንዱ ለረጅም። በብዙ መኪና የሁለቱ ክሮች የጋራ እግር ቦዲው ላይ ማሳ ሆኖ ይታሰራል፤ ማብሪያው ፖዘቲቩን ወደ አጭሩ ወይም ወደ ረጅሙ ይልካል። በአንተ መኪና ተገላቢጦሽ ነው። ፖዘቲቩ ከሪሌው ወጥቶ በሁለት ፊውዝ ያልፋል፣ አንዱ ለቀኝ አንዱ ለግራ። ከዚያ በቀጥታ ወደ አምፖሉ የጋራ እግር ይገባል። መሪው ሥር ያለው ማንሻ የሚመርጠው ማሳውን ነው። አጭር ስትል የአጭሩን ሽቦ ማሳ ያስነካል፣ ረጅም ስትል የረጅሙን። ይህን ያላወቀ ባለሙያ ጎበዝ ቢሆንም ይሳሳታል። ብዙ መኪና በዚህ ምክንያት ሽቦው ተበጣጥሶ እጄ ላይ ይመጣል፣ ያሳዝነኛል።

እንግዲህ የቀኙ ፊውዝ ሲቃጠል የሚሆነውን ተከተለኝ። አጭር አብርተሃል። ቀኙ የራሱ ፖዘቲቭ የለውም። የግራና የቀኝ የረጅም ሽቦዎች ግን አንድ ላይ የተገናኙ ናቸው። ስለዚህ ከግራው የጋራ እግር የተነሳው ኮረንቲ በግራው የረጅም ክር አልፎ ወደ ቀኙ ይሻገራል። በቀኙ የረጅም ክር ይገባል፣ በአጭሩ ክር ወጥቶ ማሳ ያገኛል። 12 ቮልቱ ለሦስት ክር ተከፋፈለ ማለት ነው። ፍም ያልከው ይሄ ነው። ሰማያዊዋም የረጅሙ ሽቦ ላይ ስለተንጠለጠለች የድርሻዋን ታገኛለች።

ቴስተርህን ያበራው ቀዳዳም የረጅሙ ነው። ኮረንቲው በግራው አምፖል ዞሮ የመጣ ነው፣ የቀኙ የራሱ አይደለም።

ባለሙያው ማሳ ብሎ ያሰረው የጋራውን እግር ይመስለኛል። የደመቀው መንገዱ ስላጠረ ነው፤ ከሦስት ክር ወደ ሁለት ወረደ። ግን ያ እግር ፖዘቲቭ የሚመጣበት ነው። አዲስ ፊውዝ ስትከት ፖዘቲቩ በዚያ ሽቦ በቀጥታ ከቦዲው ጋር ይጋጫል። ፊውዙ ባይቃጠል ነበር የሚገርመኝ።

አሁን እንዲህ አድርግ። መጀመሪያ ያንን የተጨመረ ሽቦ ፍታው። ግን እዚያ ላይ አትቁም፣ ምክንያቱም ፊውዙ የተቃጠለው ባለሙያው ከመንካቱ በፊት ነው። መብራቱ መጀመሪያ የፈዘዘው በዚያ ነው። ሌላ ቦታ የተላጠ ሽቦ ሊኖር ይችላል።

መብራቱን አጥፋ። የቀኙን አምፖል ሶኬት ንቀል፣ የቀኙን ፊውዝም አውጣ። መልቲሜትሩን ኦም (የመቋቋም መለኪያው) ላይ አድርገህ አንዱን ጫፍ የሶኬቱ የጋራ ቀዳዳ ላይ፣ ሌላውን ቦዲው ላይ ያዝ። በኤች4፣ ማለትም ባለ ሦስት እግሩ የፊት መብራት አምፖል፣ ላይኛዋ አግድም እግር የአጭሩ ናት። ከሁለቱ ቋሚዎች አንዱ የጋራው፣ ሌላው የረጅሙ ነው። የረጅሙን ቴስተርህ አሳይቶሃል፣ የቀረው የጋራው ነው። ንባቡ ወደ ዜሮ ከተጠጋ የሆነ ቦታ ብረት ነክቷል።

ቦታውን ለመፈለግ ፊውዝ አትፍጅ። 21 ዋት የፍሬቻ አምፖል ወስደህ ሁለት ሽቦ አስርለትና በፊውዙ ምትክ አስገባው። የቀኙ ሶኬት እንደተነቀለ መብራቱን አብራ። ሽቦው ቦዲ ከነካ የፍሬቻው አምፖል ቦግ ይላል። ከዚያ ሽቦውን ከፊውዝ ሳጥኑ ጀምረህ እስከ መብራቱ በእጅህ እያነቃነቅህ ሂድ። ስታነሳው አምፖሉ የጠፋበት ቦታ ላይ ናስትሮውን ፈትተህ እይ። እነዚህ መኪኖች ላይ ባትሪው አካባቢ ቀድመህ ፈልግ፤ አሲዱ የሽቦውን ልባስም መዳቡንም ይበላዋል።

ሲያልቅ የሳጥኑ ክዳን ላይ የተጻፈውን አምፔር ክተት። 10 የሚል ከሆነ 10፣ ቀዩ ነው። አንድ የ55 ዋት ክር 5 አምፔር እንኳ አይሞላም፣ የረጅሙ 60 ዋት ደግሞ 5 አካባቢ ነው። 10 ይበቃዋል፣ ይተርፈዋልም።

የሶማሌ ተራ ልጅ

ሪሌውን ቀይር ያልኩትን ትቻለሁ፣ ተምሬበታለሁ። ለጉሙ ግን 100 ዋት አምፖል ወይም ኤልኢዲ ቢያደርግስ?

መብራት ሠሪው

100 ዋቱ ብቻውን ከ8 አምፔር በላይ ይስባል። ፊውዙን ወደ ጫፉ ይገፋዋል፣ 30 ዓመት ያለፈውን ሽቦና ሶኬትም ያግላል። ኤልኢዲው ላይ ደግሞ በማሳ ለሚመረጥ መኪና መሥራቱን ጠይቀህ ካልገዛህ ረጅምና አጭሩን መለየት የሚያቅተው አለ። ለጉም በደህና ሽቦ ላይ ያለ ተራ ኤች4 ይሻላል። ጉም ውስጥ ረጅም ካበራህ ብርሃኑ ተመልሶ ዓይንህ ላይ ነው።

ባለሽንኩርቱ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ወንድሜ! የተጨመረውን ሽቦ ፈታሁት፤ እንዳልከው የጋራው እግር ላይ ነበር። ኦም ስለካ አሁንም ዜሮ አካባቢ ነው። የፍሬቻውን አምፖል በፊውዙ ቦታ ሳስገባ ቦግ አለ። ባትሪው የተቀመጠበትን ብረት ሥር ሽቦውን ወደ ላይ ሳነሳው ጠፋ። ባትሪውን አውርጄ አየሁት። የሽቦው ልባስ በጣት ርዝመት ተልጧል፣ መዳቡ አረንጓዴ ሆኗል፣ ብረቱ ላይም የተቃጠለ ጥቁር ነጥብ አለ። የተበላውን ቆርጬ በአዲስ ቀጠልኩት፣ ጎማ ቱቦም አለበስኩት። 10 አምፔር ከተትኩ። ሁለቱም እኩል በሩ! ሰማያዊዋም የምትበራው ረጅም ሳደርግ ብቻ ሆነች።

አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። ትናንት ጭኜ ስወጣ ከፊት የሚመጡት ሁሉ መብራት እያርገበገቡ ያስጠነቅቁኛል። አጭር ላይ ነበርኩ እኮ።

የደሴ መስመር ሾፌር

ልጄ፣ ጭነቱ ነው። ሽንኩርት ስትጭን የኋላው ባሌስትራ ይረግጣል፣ አፍንጫዋ ይነሳል፣ አጭሩ መብራት የሰው ዓይን ላይ ይወጣል። በአንድ መብራት ስትነዳ አልታወቀህም፤ አሁን ሁለቱም ሲበሩ ጎልቶ ወጣ። እኔ ጭነት ላይ ሆኜ ነው የማስተካክለው፣ የምነዳው ጭኜ ስለሆነ። ሜዳ ቦታ ላይ ከግድግዳ 10 ሜትር ራቅ። የመብራቱን ቁመት ከመሬት ለካና ግድግዳው ላይ ምልክት አድርግ። የአጭሩ ብርሃን የላይኛው ጠርዝ ከምልክቱ 10 ሴንቲሜትር ያህል ዝቅ ማለት አለበት። ማስተካከያ ብሎኖቹ ከመብራቱ ጀርባ ናቸው፣ ከዛጉ ቀደም ብለህ ዘይት ጠብ አድርግባቸው። አንዱን መብራት በጨርቅ ሸፍነህ አንድ በአንድ ሥራ። ባዶ ስትመለስ ትንሽ ቅርብ ያሳይሃል፣ እሱን በፍጥነት ቀንስ።

ባለሽንኩርቱ

እሺ ጋሼ። ዛሬ ማታ ጭነን ስንጨርስ የወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ አየዋለሁ።