ነጩ ኤልኢዲ ለምን ይህን ያህል ዘገየ?

ሊያ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የድሮ ሬዲዮናችን ላይ ትንሽ ቀይ መብራት አለች። ኤልኢዲ ናት አሉኝ፤ ኤሌክትሪክ ሲያልፍባት የምታበራ ትንሽ ቺፕ ማለት ነው። ታዲያ ቤት የሚያበራው ነጩ እስኪመጣ ለምን ያን ያህል ዓመት ፈጀ?

ጋሽ ታዬ፦
ሊያዬ፣ ጥሩ ጠየቅሽ። ቀዩን ኒክ ሆሎኒያክ እ.ኤ.አ. በ1962 ጄኔራል ኤሌክትሪክ ውስጥ ሠራው። ጣጣው ሰማያዊው ላይ ነበር፤ ያለ ሰማያዊ ነጭ የለም። ለሱ የሚሆነው ጋሊየም ናይትራይድ የሚባል ቁስ ጥሩ ክሪስታል አልወጣው ብሎ ብዙዎች ተስፋ ቆርጠው ተዉት። ጃፓን ናጎያ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ተመራማሪ አካሳኪና ተማሪያቸው አማኖ ግን ሙጥኝ አሉ። በ1986 ሰንፔር ላይ መጀመሪያ ስስ የአሉሚኒየም ናይትራይድ ንጣፍ አስቀመጡ። ከዚያ በላይ ያደገው ክሪስታል ጥርት ብሎ ወጣ። ሌላው ተመራማሪ ናካሙራ ደግሞ እዚያው ጃፓን ኒቺያ ኩባንያ ውስጥ ሆኖ በ1993 ደማቁን ሰማያዊ አሳየ። ሦስቱም በ2014 የፊዚክስ ኖቤል አገኙ። ሲያንሳቸው ነው!

እኔ መብራት እሠራለሁ፣ የተቃጠሉትን መክፈት ደስ ይለኛል። ከሶኬቱ ነቅለሽ ነጩን ክዳን ብታነሺ ቢጫ ነጠብጣቦች ታያለሽ። ከሥራቸው ያለው ቺፕ ሰማያዊ ነው የሚያበራው። ቢጫው ሽፋን፣ ፎስፈር የሚባለው፣ ከፊሉን ብርሃን ወደ ቢጫ ይለውጠዋል፤ ሁለቱ ሲቀላቀሉ ለዓይናችን ነጭ ነው።

ቢኒ፦
ጋሽ ታዬ፣ ኤልኢዲ ኤሌክትሪክ ይቆጥባል የሚሉትስ እውነት ነው?

ጋሽ ታዬ፦
እውነት ነው ልጄ። የድሮው ባለ 60 ዋት አምፖል የሚሰጠውን ብርሃን 9 ዋት ኤልኢዲ ይሰጥሃል። የድሮው አብዛኛውን ኃይል ሙቀት አድርጎ ነው የሚጨርሰው። ስትገዛ ዋቱን ብቻ አትይ፣ ሉመኑንም፣ ማለትም የብርሃኑን መጠን፣ አንብብ። ለሳሎን 800 አካባቢ ያለውን ፈልግ።