ፎቶዎቼን የወሰደው ድርጅት ሌላ አገር ነው፤ የት ነው የምከሰው?

ሰብለ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የሕንፃ ፎቶ አንሺ ነኝ። ባለፈው ወር 11 ፎቶዎቼን የአንድ ድርጅት ዌብሳይት ላይ አገኘኋቸው። ጥግ ላይ የነበረው ስሜ ተቆርጦ ወጥቷል። ድርጅቱ ያለው ሌላ አገር ነው፤ ሰርቨሩ፣ ማለትም ገጹ የተቀመጠበት ኮምፒውተር፣ ደግሞ ሦስተኛ አገር። ገጹ ግን እኔ ስልክ ላይ ይከፈታል። ስጽፍላቸው «ከፈለግሽ ክሰሺ» አሉኝ። የት? ከነዚህ ፎቶዎች አንዱን ለማንሳት ሦስት ቀን ሙሉ ሳይነጋ ወጥቼ ብርሃኑ ግድግዳው ላይ እስኪያርፍ ጠብቄያለሁ። ልተወው አልችልም።

ዳኜ፦
እህቴ፣ ቁርጥ ያንቺን የሚመስል ጉዳይ አለ። ኦስትሪያ የምትኖር የሕንፃ ፎቶ አንሺ፣ አንድ አርክቴክት ፎቶዎቿን ስብሰባ ላይ እንዲያሳይ ፈቀደችለት። ስብሰባውን ያዘጋጀው የጀርመን ድርጅት ግን ሳያስፈቅዳት ዌብሳይቱ ላይ ለቀቃቸው። እሷም እዚያው ኦስትሪያ ከሰሰችው። ድርጅቱ «ሳይቴ ለኦስትሪያ ሰው የተሠራ አይደለም» ብሎ ተከራከረ። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2015 ይህን አልተቀበለውም። ገጹ እዚያ መከፈቱ ይበቃል አለ።

ግን ልብ በዪ። የኦስትሪያው ፍርድ ቤት ማየት የሚችለው ኦስትሪያ ውስጥ የደረሰውን ጉዳት ብቻ ነው። ሙሉውን ካሳ ከፈለግሽ ተከሳሹ ወዳለበት አገር መሄድ ነው። ይህ ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት አካሄድ ነው። የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ገጹ ስለተከፈተ ብቻ ጉዳዩን አይዙም፤ ተከሳሹ ሆን ብሎ ወደዚያ አገር አነጣጥሮ እንደሆነ ይጠይቃሉ።

ሰብለ፦
ሰርቨሩስ? አሜሪካ ነው። እዚያ መክሰስ አስቤ ነበር።

የዜማ ሰው፦
ከመቸኮልሽ በፊት የኔን ስሚ። ሙዚቃዬን ያለፈቃድ የሸጠ ሰው ነበር። አገሬ ከሰስኩት። አልቀረበም፤ በሌለበት ተፈረደልኝ። ገንዘቡ ግን እሱ አገር ነው። ፍርዱ እዚያ እንዲፈጸም ሌላ ማመልከቻ፣ ሌላ ጠበቃ፣ የሰነድ ትርጉም። ይኸው ሁለት ዓመት ሆነኝ፣ አምስት ሳንቲም አላገኘሁም። በጣም ነው የሚያናድደው። መጀመሪያ ንብረታቸው የት እንዳለ እዪ፤ ክሱን ከዚያ በኋላ ጻፊ።

ዳኜ፦
ልክ ነው። ሰብለ፣ ለክስ ሰርቨሩ ላይ አትመኪ። ያው የአውሮፓ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2012 በአንድ የንግድ ምልክት ጉዳይ፣ ሰርቨር የት እንዳለ እርግጠኛ መሆን ስለማይቻል መነሻ ሊሆን አይችልም ብሏል።

ፎቶዎቹን ከገጹ ለማስነሳት ግን ሰርቨሩ ይጠቅምሻል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣችው የዲጂታል ቅጂ መብት ሕግ መሠረት ገጹን ላስተናገደው ኩባንያ ፎቶዎቹን እንዲያነሳ ማሳሰቢያ ላኪ። ድርጅቱ «ፎቶው ይመለስልኝ» ካለ፣ አሜሪካ ፌደራል ፍርድ ቤት መከሰስን እንደሚቀበል ጽፎ መፈረም አለበት። ማለትም የሚከሰስበትን ፍርድ ቤት ራሱ ይሰጥሻል። ይህንን ብዙ ሰው አያውቀውም። ከዚያ ግን ጊዜሽ አጭር ነው፤ ካልከሰስሽ ከ10 እስከ 14 የሥራ ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ፎቶው ይመለሳል።

ሰብለ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ቀኑና አድራሻው እንዲታይ አድርጌ ሁሉንም ገጽ ስክሪንሾት አንስቻለሁ። ማሳሰቢያውን ዛሬ ማታ እልካለሁ። ነገ ደግሞ እነሱ አገር ጠበቃ መፈለግ እጀምራለሁ።