እቴቴ ከሳች፤ ትረሳለችም

የሄርማታ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከጅማ ነው የምጽፈው። እናቴ 69 ዓመቷ ነው። ስኳር ከያዛት 14 ዓመት አልፏል። ሜትፎርሚን ጠዋትና ማታ፣ ግሊበንክላማይድ ጠዋት ጠዋት ትወስዳለች። አምና ለጥምቀት 74 ኪሎ ነበረች። ዘንድሮ 65። ማንም ቀንሺ አላላትም። ሁለቴ ይዞራት የነበረው መቀነት አሁን ሦስቴ ይዞራል። ቀለበቷም ዕቃ ስታጥብ ወልቆ ከእጣቢው ጋር ሊደፋ ነበር።

ጎረቤቶቻችን ደስ ብሏቸዋል። «እሰይ! ስኳር ላለበት ሰው መክሳት መድኃኒት ነው» ይሏታል። እኔም መጀመሪያ እንደነሱው ነበርኩ። ለዓመታት «ቅቤውን ተዪ፣ እንጀራውን ቀንሺ» እያልኩ የነዘነዝኳት እኔው ነኝ።

ያስጨነቀኝ ግን ሌላ ነው። እቴቴ ቡና ስትቆላ ዞር ብላ ሳታይ በሽታው ብቻ «ይበቃዋል» የምትል ሴት ናት። ከጥቅምት ወዲህ ሦስት ጊዜ አሳረረችው። ባለፈው ለዘይት ብላ እዚሁ ጅማ መርካቶ ወጣች፤ ሽንኩርት ይዛ ገባች። የአጎቴ ልጅ ደግሞ «ስኳር ያለባቸው ወፈር ያሉ አዛውንቶች የመርሳት በሽታ ያንሳቸዋል» የሚል አንብቦ «አወፍሪያት» ይለኛል። እውነት ነው እንዴ?

ሲስተር ከቦሳ፦
እህቴ፣ የአጎትሽ ልጅ ዝም ብሎ አላወራም። እንዲህ ያሉ ጥናቶች አሉ። የተረዳው ግን ገልብጦ ነው። ዝናብ ሊመጣ ሲል ጉንዳን ይወጣል አይደል? ዝናቡን ያመጣው ግን ጉንዳኑ አይደለም። የአንጎሉ ጉዳት መርሳቱ ከመታየቱ ብዙ ዓመት ቀድሞ ይጀምራል። በዚያ መሃል ምግብ ያስጠላል፣ ማሽተት ይደክማል፣ «በልቻለሁ» እየተባለ ማዕድ ይታለፋል። ኪሎ ይወርዳል። ስለዚህ በ70 ዓመት ስትመዝኛቸው ከቀጫጮቹ መሃል በሽታው በድብቅ የጀመራቸው ይኖራሉ፤ ወፍራሞቹ የተጠበቁ ይመስላሉ። በ45 እና በ50 ዓመት የሚመጣ ከልክ ያለፈ ውፍረት ግን በኋላ የመርሳት ዕድልን ይጨምራል። ስኳሩ ራሱም ይጨምራል።

እና አታወፍሪያት። ለምን እንደከሳች አስመርምሪ። ሳያስቡት 9 ኪሎ መውረድ ቀልድ አይደለም። ስኳር ከፍ ብሎ ሲከርም ያከሳል። ቲቢም ስኳር ያለበትን ሰው ቶሎ ይይዛል፤ ስለዚህ ይታይ። እንቅርት፣ ድብርትም አለ። ሜትፎርሚን ለብዙ ዓመት ሲወሰድ ደግሞ ቫይታሚን ቢ12 ሊያሳንስ ይችላል። የቢ12 ማነስ ያስረሳል፤ ግን ይታከማል። የቡናው ነገር ከማሽተት ጋር ይሁን ከመርሳት ለሐኪሟ ንገሪያቸው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እናትሽ ይጾማሉ?

ጂሬን ዳገት፦
የሽፈራው ቅጠል አፍልታ ትጠጣ። የእኔ አክስት በሱ ነው የዳነችው።

ሲስተር ከቦሳ፦
ወንድሜ፣ ሽፈራው ስኳር ሊያወርድ ይችላል። ከኪኒኑ ላይ ሲደረብ ነው የምፈራው።

የሄርማታ ልጅ፦
ሲስተር፣ ጉዱን ያወጣው ጥያቄሽ ነው። ትጾማለች። ረቡዕና ዓርብ ሳይቀር እስከ 9 ሰዓት። ኪኒኑን ግን ጠዋት 1 ሰዓት ላይ በውኃ ትውጠዋለች፤ «መድኃኒት ጾም አይሽርም» ብላ። ዛሬ 7 ሰዓት ላይ ላብ በላብ ሆና ስሜ ጠፋባት። ጣቷን ወግቼ ለካሁ፤ 54። ስኳር በውኃ በጥብጬ አጠጣኋት። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ «ምን አፍጥጠሽ ታይኛለሽ?» አለችኝ።

ሲስተር ከቦሳ፦
ከ70 በታች ወርዷል ይባላል፤ 54 አስደንጋጭ ነው። አሁንስ በልተዋል? ካልበሉ ይብሉ፣ እንደገና ለኪ፣ ሌሊትም አትራቂ፤ ያ ኪኒን ቆይቶም ደግሞ ያወርዳል። ግሊበንክላማይድ በሽማግሌ ላይ ከሁሉ በላይ የምንፈራው ለዚህ ነው። በባዶ ሆድ እንዳይውጡት። ቀጠሮ ሳትጠብቂ ነገ ጠዋት ውሰጃቸው። ስኳር በከባዱ እየወረደ የተቸገሩ አዛውንቶች ኋላ መርሳት በብዛት እንደታየባቸው ተጠንቷል። ደግሞ ዕድሜያቸው ለገፋና መርሳት ለጀመራቸው ሰዎች ስኳሩን እንደ ወጣት አጥብቀን አንይዝም። ለንስሐ አባታቸውም ንገሪ፤ ለታመመ ሰው ይፈቀዳል።

የሄርማታ ልጅ፦
ወሰድኳት። ግሊበንክላማይዱ ቀረ። አክታና ራጅ ታየላት፤ ቲቢ የለባትም። የቢ12 ውጤት ገና ነው። የንስሐ አባቷ «ቁርስሽን ብይ» ሲሏት ግማሽ ቀን አኮረፈች፤ ከዚያ ገንፎ አዘዘችኝ። በቅቤ። እኔም አፌን ዘጋሁ።

ቡናውንም ከሳምንት ወዲህ አላሳረረችም። ትናንት ግን ረከቦቱ ላይ ሲኒ ስትደረድር አንድ አስበለጠች። «የማን ነው?» አልኳት። «የአባትሽ ነዋ» አለችኝ። አባዬ ካረፈ ሦስት ዓመቱ ነው።